በነርቭ ውስጥ የሚሮጠው መልእክት

አንዲት እናት ጀበናውን ከከሰሉ ላይ ስታነሳ ጣቷን ቢፈጃት፣ «ወይኔ» ከማለቷ በፊት እጇ ተመልሷል። ይህን ያህል የሚፈጥነው መልእክት ምንድን ነው? ምስጢሩን ከደረሱበት ሰዎች አንዱ እንግሊዛዊው አላን ሆጅኪን ነው።

ሆጅኪን እ.ኤ.አ. በ1914 ባንበሪ በምትባል ከተማ ተወለደ። ገና በአራት ዓመቱ የቲም ሆነ፤ አባቱ በ1918 ባግዳድ ውስጥ በተቅማጥ በሽታ ሞቱ። ልጁ አድጎ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ገባና ነርቭን ማጥናት ያዘ።

የነርቭ ክር ግን ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ነው። መለኪያ እንዴት ውስጡ ይገባል? መፍትሔው ከባሕር ተገኘ። ስኩዊድ የሚባለው የባሕር እንስሳ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል የሚወፍር የነርቭ ክር አለው። በ1939 ሆጅኪንና ተማሪው የነበረው አንድሪው ሃክስሊ ፕሊመዝ በተባለው የወደብ ከተማ በዚያ ክር ውስጥ ቀጭን የመስታወት ቱቦ አስገብተው ኤሌክትሪኩን ለኩ። ብዙም ሳይገፉበት ጦርነት ፈነዳ፤ ሆጅኪንም ወደ ራዳር ሥራ ሄደ።

ከጦርነቱ በኋላ የደረሱበት እንዲህ ነው። ከነርቩ ውጭ ሶዲየም ይበዛል፣ ከውስጥ ደግሞ ፖታሲየም። መልእክት ሲመጣ በነርቩ ሽፋን ላይ ያለው የሶዲየም በር ይከፈታል፤ ሶዲየሙ ይገባል፤ ኔጌቲቭ የነበረው ውስጡ ፖዘቲቭ ይሆናል። ወዲያው በሩ ይዘጋል፤ ፖታሲየም ይወጣና ነርቩ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ይህ ሁሉ በሰከንድ ሺህኛ ክፍልፋዮች ነው! ከዚያ ቀጥሎ ያለው በር ይከፈታል። መልእክቱ በየደረሰበት ስለሚታደስ ከእግር ጣት ተነስቶ ጀርባ እስኪደርስ አይደክምም። በሮቹን በዓይናቸው አላዩም፤ በልኬትና በሒሳብ ነው የደረሱባቸው።

ሒሳቡም ቀላል አልነበረም። የዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ለወራት ከሥራ ውጭ ስለነበር ሃክስሊ በእጅ በሚዞር የሒሳብ ማሽን ለሳምንታት ሲያሰላ ከረመ። ስሌቱ መልእክቱ በሰከንድ 18.8 ሜትር ይሮጣል አለ፤ በስኩዊዱ ላይ ሲለካ 21.2 ሆነ። በወረቀት ብቻ ይህን ያህል መቅረብ ያስደንቃል። ሥራቸው በ1952 ታተመ፤ በ1963ም ከአውስትራሊያዊው ጆን ኤክልስ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሆጅኪን በ1998 ሞተ።

የጥርስ ሐኪም የሚወጋን ማደንዘዣ የሚዘጋው ይህንኑ የሶዲየም በር ነው። ጥርሱ ይነቀላል፤ ወሬው ግን አንጎል አይደርስም። ስለዚህ እናቶች፣ ልጃችሁ ጥርሱን ተነቅሎ ሲመለስ ማደንዘዣው እስኪለቀው ትኩስ ሻይ አትስጡት፤ ከንፈሩንም ሳይሰማው ነክሶ እንዳያቆስል ጠብቁት።