የሐምሌ ዝናብ የት ይጠነሰሳል?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2300 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል። ቅርብ የሚባለው ባሕር በጅቡቲ በኩል ነው፤ እሱም ቢሆን በአየር መስመር 560 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። የሕንድ ውቅያኖስ በሞቃዲሾ በኩል ከ1000 ኪሎ ሜትር ያልፋል። ያም ሆኖ ሐምሌና ነሐሴ ከመገናኛ እስከ አያት አስፋልቱን ወንዝ የሚያደርገው ውሃ በአብዛኛው ከባሕር ተንኖ የመጣ ነው።

ከየትኛው ባሕር? ለረጅም ጊዜ የክረምታችን ምንጭ አትላንቲክ እንደሆነ፣ እርጥበቱም ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ ተነሥቶ የኮንጎን ደን አቋርጦ እንደሚደርሰን ሲነገር ኖሯል። ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የአየሩን ጉዞ ወደ ኋላ እየተከተሉ ያሰሉ ተመራማሪዎች ከሕንድ ውቅያኖስ፣ ከቀይ ባሕርና ከሜዲትራንያን በኩል የሚመጣው ድርሻ ከተገመተው በላይ ትልቅ ሆኖ አግኝተውታል።

ከእነዚህ ለእኛ በሚቀርበው በሕንድ ውቅያኖስ፣ በሶማሊያ ዳርቻ የሚፈሰው የሶማሌ ጅረት ለየት ያለ ጠባይ አለው። አብዛኞቹ ትልልቅ የባሕር ጅረቶች ዓመቱን ሙሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲፈሱ ይህኛው በዓመት ሁለቴ ይገለበጣል። በእኛ በጋ ከሰሜን ምሥራቅ የሚመጣው ነፋስ ወደ ደቡብ ይነዳዋል። ክረምት ሲገባ ነፋሱ ይዞርና ጅረቱ ወደ ሰሜን ይገሰግሳል፤ ያን ጊዜ በዓለም ፈጣን ከሚባሉት አንዱ ነው። ነፋሱ የላዩን ሙቅ ውሃ ከዳርቻው ሲያርቀው ከሥር ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል። ከቀዘቀዘ ባሕር ትነቱ ትንሽ ነው፤ በላዩ ያለው አየርም ወደ ላይ ለመነሣት አቅም የለውም። በሶማሊያ የራስ ሐፉን አካባቢ ባሕር ዳር ሆኖ ምድረ በዳ የሆነው በከፊል በዚህ ምክንያት ነው። ያው ነፋስ አልፎ ሕንድ ሲደርስ ዝናብ ያዘንባል፤ የእነሱ ዝናብ ሲበረታ የእኛም ክረምት አብሮ የመበርታት ዝንባሌ አለው።

ትልቁ እጅ ግን ከሁሉ የራቀው የፓስፊክ ነው። በደኅና ዓመት ነፋሱ ከደቡብ አሜሪካ ወደ እስያ እየነፈሰ ሙቁን ውሃ ኢንዶኔዥያ አጠገብ ይከምረዋል፤ በዚያ በኩል ያለው የባሕር ገጽ ከኢኳዶሩ በግማሽ ሜትር ያህል ከፍ እስኪል ድረስ። በየጥቂት ዓመቱ ነፋሱ ሲደክም የተከመረው ውሃ ወደ ምሥራቅ ተመልሶ ይንሸራተታል። ኤልኒኖ ይኼው ነው። ሙቁ ውሃ ሲሄድ በላዩ የሚነሣው ደመናም ይከተለዋል፤ በእኛ በኩል ደግሞ አየሩ ወደ ታች ይጫናል። ክረምታችንን የሚያግዘው፣ በከፍታ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚሮጠው ነፋስም ይላላል። ደመናው ቢመጣ እንኳ አያድግም። የላኒና ነገር ግልባጩ ነው።

በ2007 ዓ.ም. ክረምት የመጣው ኤልኒኖ ነበር። በልጉ አስቀድሞ ከድቶ ስለነበር ጉዳቱ ተደራረበ፤ ታኅሣሥ 2008 ላይ 10.2 ሚሊዮን ሰው አስቸኳይ የምግብ እርዳታ እንደሚያስፈልገው ተነገረ። የጅቡቲው አዲስ የባቡር መስመር ገና ሳይመረቅ የእርዳታ እህል ማመላለስ የጀመረውም ያኔ ነው።

እዚህ ላይ ከዜና አቀራረባችን ጋር አልስማማም። ኤልኒኖ ሲባል ድርቅ፣ ላኒና ሲባል ጥጋብ ይመስል ይወራል። ይህ ከአዲስ አበባ ሆኖ የሚታይ ነገር ነው። ጎዴና ቦረና ዋናውን ዝናብ የሚያገኙት በክረምት አይደለም፤ በበልግ ወራትና ቦረናዎች ሐገያ፣ ሶማሌዎች ዴይር በሚሉት የጥቅምትና የኅዳር ወቅት ነው። ኤልኒኖ በዚያ ወቅት ብዙውን ጊዜ ዝናብ ያበዛል፤ በተለይ ለአፍሪካ የሚቀርበው የሕንድ ውቅያኖስ ውሃ ሞቆ በሱማትራ በኩል ያለው ሲቀዘቅዝ። በ1990ም በ2016ም ዓ.ም. መጀመሪያ ሁለቱ ተገናኝተው የሶማሌን ቆላ ጎርፍ አጥለቅልቆታል። በአንጻሩ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ላኒና ሲደጋገም በቦረናና በሶማሌ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሸፉ፤ ከብቱ አለቀ።

እነዚህን ወቅቶች የሚተነብየው የሚቲዎሮሎጂ ሥራ በ1973 ዓ.ም. ራሱን የቻለ መሥሪያ ቤት ከመሆኑ በፊት በሲቪል አቪዬሽን ሥር ነበር፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ጣቢያ ዛሬም ለአብራሪው ነፋሱን፣ ደመናውንና የእይታ ርቀቱን ይነግረዋል። ያ የሰዓታት ጉዳይ ነው። ለወራት የሚሆነው ምልክት የሚገኘው ከባሕር ነው፤ ምክንያቱም የውቅያኖስ የላይኛው ሦስት ሜትር ውሃ ብቻውን የመላው ከባቢ አየርን ያህል ሙቀት ይይዛል፣ የያዘውንም ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ባለሙያዎቹ የዘንድሮውን የባሕር ሙቀት አይተው እሱን የሚመስሉ ያለፉ ዓመታትን ይመርጣሉ፤ በእነዚያ ዓመታት የት ምን ያህል እንደዘነበም ያነጻጽራሉ። በዜና የምንሰማው «መደበኛና ከመደበኛ በላይ» የሚለው ትንበያ ከዚህ ዓይነቱ ሥራ ይወጣል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ፓስፊክ ወዴት እንደሚያዘነብል ለመለየት እጅግ የሚያስቸግረው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በእነዚህ ወራት የሚወጣ ግምት ሰኔ ላይ ሊገለበጥ ይችላል። ዘግይቶ የሚደርሰውን ማሽላና በቆሎ የሚዘራ ገበሬ ደግሞ ዘሩን የሚመርጠው ሚያዝያ ላይ ነው። ዘር አንዴ መሬት ከገባ በኋላ ዝናቡ ቢያጥርበት የሚቀረው መንገድ ገልብጦ ቶሎ የሚደርስ ጤፍ ወይም ሽምብራ መዝራት ነው፤ ለዚህም በየአሥር ቀኑ የሚወጣው የአየር ጠባይ መግለጫ ከወቅቱ ትንበያ ይልቅ ይጠቅመዋል።