ሕጉ ተሻረ፤ ፍርሃቱስ?

በብሪታንያ የታቸር ወግ አጥባቂ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1988 ያወጣው አንቀጽ 28 የአካባቢ አስተዳደሮች የተመሳሳይ ፆታ ፍቅርን «እንዳያስፋፉ» ከለከለ። በዚህ አድኃሪ ድንጋጌ ችሎት የቀረበ መምህር አልነበረም። ዱላው ያረፈው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ነው፤ ተማሪው በፆታ ዝንባሌው ሲዋረድ ያየ መምህር እንጀራውን ፈርቶ አንገቱን ደፋ።

ድንጋጌውን ስኮትላንድ በ2000፣ እንግሊዝና ዌልስ በ2003 ሻሩት። ለዓመታት የታሰረ አንደበት ግን በአንድ ቀን አዋጅ አይፈታም። የስኮትላንድ መንግሥት በ2018 ጉዳዩ በትምህርት ሥርዓቱ እንዲካተት ሲወስን የመምህራንን የሥራ ላይ ሥልጠና አብሮ ማቀዱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሥልጠናው በሥራ ሰዓት ካልተሰጠና የመምህራን ማኅበራት ካልቆሙለት ግን ፊርማ ከመሰብሰብ አያልፍም።

ወዛደሩ ይህን ትምህርት ከመንግሥት ቀድሞ ቀስሟል። በ1984/85 የከሰል ማዕድን ሠራተኞች አድማ ጊዜ የለንደን የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች ለደቡብ ዌልስ አድመኞች ገንዘብ አሰባሰቡ። አድመኞቹም በየቤታቸው ተቀበሏቸው፤ በ1985 ዓርማቸውን አንግበው በለንደኑ ሰልፍ ከፊት ተሰለፉ። በዚያው ዓመት የሌበር ፓርቲ ጉባኤ የእነዚህን ወገኖች መብት ሲደግፍ የማዕድን ሠራተኞች ማኅበር ድምፅ ከጎናቸው ነበር። ያን ጊዜ አሠልጣኝ አልተላከም፤ አድማው አስተዋወቃቸው። መምህሩ ግን ክፍል ውስጥ ብቻውን ይቆማል።