ከኋላ ወንበር ሥር ያለው ቁጥር

በአዲስ አበባ ዳገትና ቁልቁለት አርባና አምሳ ዓመት ስትማስን ኖራ፣ ፓራፋንጎዋ ተጣምሞ፣ ላሜራዋ በዝገት ተበልቶ ከግቢ ጥግ የወደቀች ቮልስ፣ አንድ ቀን የሚወዳት ባለ ገንዘብ ያገኛትና ወደ ጋራዥ የገባች እንደ ሆነ፣ ከጥቂት ወራት በኋላ እንደ ሙሽራ ተኳኩላ ትወጣለች፤ የሚያያትም ሁሉ ‹‹ልክ ከፋብሪካ እንደ ወጣች›› ይላል። እኔ በበኩሌ እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ከኩሉ በታች ያለውን ፊት ማየት ያምረኛል።

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ እንዲህ የታደሰች ቀይ ቮልስ ሊገዛ አስቦ፣ ‹‹አንተ ነገር መመርመር ትወዳለህና አብረኸኝ ና›› ቢለኝ ሄድሁለት። ሻጩ ሊብሬውን ከፍቶ፣ የተሠራችበት ዘመን በሚለው መስመር ላይ የተጻፈውን 1958 የሚል አኀዝ በጣቱ እያመለከተ፣ ‹‹ይኸው የፈረንጅ ሃምሳ ስምንት! ከእርስዋ የምትቀድም በዚህ ሰፈር አታገኙም›› አለን። ዋጋዋም እንደ ጥንትነቷ ነበረ። ከእኛ ጋር የመጡት፣ ዕድሜያቸውን በቮልስ ሥር ተጋድመው የፈጸሙ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ግን፣ ገና ከበሩ ሳይገቡ ከኋላዋ ቆመው መስተዋቷን ሲመለከቱ ቈዩና፣ ‹‹ልጄ፣ መኪናይቱ ደኅና ናት፤ ዕድሜዋን ግን አበዛህባት›› አሉት።

ሽማግሌው ያነበቡት የመስተዋቱን ስፋት ነው። ቮልስዋገን በውጭ አምሳሏ ስትወለድ እንደ ነበረች ኖረች ቢባልም፣ ለሚያስተውላት ሰው ዘመኗን በኋላ መስተዋቷ ትናገራለች። እስከ 1953 የአውሮፓ ዓመት መጀመሪያ ድረስ የተሠሩት የኋላ መስተዋታቸው መካከሉ በላሜራ የተከፈለ መንታ ነበረ፤ ከዚያ እስከ 1957 አንድ ወጥ ሞላላ ሆነ፤ በዚያው ዓመት በኦገስት ወር ሞላላው ቀርቶ አራት ማዕዘን የሆነው ገባ፤ በ1964 ኦገስት ደግሞ መስተዋቶቹ ሁሉ እንደገና ሰፉ። ይህች ቀይ ሙሽራ በዚህ በመጨረሻው ስፋት የተሠራች ስለ ሆነች፣ የአውሮፓ 1958 ልትሆን አትችልም። ሽማግሌው ቀጥለው በበሩና በኋላ መስኮቱ መካከል ያለውን ምሰሶ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። ‹‹የፍሬቻው ቦታ የለም›› አሉ።

እዚህ ላይ ከመንገዴ ጥቂት ወጣ ብዬ አንድ ነገር ልናገር። ዛሬ ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ሁሉ ፍሬቻ የምንለው በጣልያንኛ ቀስት የሚሉትን ቃል ወርሰን ነው፤ ስሙም የሚስማማው በቀድሞው ዘመን ከምሰሶው ውስጥ እንደ ክንድ እየተዘረጋ መታጠፊያውን ያመለክት ለነበረው ለእውነተኛው ቀስት ነው። ለአውሮፓ የሚሠሩት ቮልሶች እስከ 1960 ድረስ እንዲህ ያለ ክንድ ነበራቸው። አንዳንድ አዳሽ የዚህን ክንድ ማደሪያ እንደ ቀዳዳ ቈጥሮ በላሜራና በስቱኮ ይደፍነዋል፤ ይህም የብራናን የኅዳግ ጽሑፍ እንደ እድፍ አይቶ የፋቀውን ሰው ያስታውሰኛል።

ነገር ግን መስተዋትም ሆነ ምሰሶ ከቅርፊቱ ጋር የሚለወጥ ስለ ሆነ፣ ፍርዱ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። ወዳጄ የኋላውን ወንበር አንሥቶ ምንጣፉን በገለጠ ጊዜ፣ በመኪናይቱ ወለል መካከል እንደ አከርካሪ ከፊት እስከ ኋላ የተዘረጋው የብረት መሿለኪያ ታየ፤ በጀርባውም ላይ የሻንሲው ቁጥር በማኅተም ተቀርጾበታል። ቀዩ ቀለም እስከዚያ ድረስ ወርዶ ስለ ነበረ፣ ሽማግሌው ጨርቅ በቤንዚን ነክረው ቀስ እያሉ ጠረጉት፤ መጀመሪያ አንድ፣ ቀጥሎ ሌላ አንድ፣ ከዚያም ስድስት ወጣ። ከሊብሬው ጋር አኀዝ በአኀዝ ሲተያይ ገጠመ፤ ሻጩም በድል አድራጊነት አየን።

የዚህ ቁጥር አነባበብ እንዲህ ነው። እስከ 1964 የአውሮፓ ዓመት አጋማሽ ድረስ በቮልፍስቡርግ ከተማ ያለው ፋብሪካ መኪናዎቹን በተራ ይቈጥራቸው ስለ ነበረ፣ የ1958 መኪና ቁጥር ሰባት አኀዝ ያለው የሚሊዮን ቁጥር ብቻ ነው። ከ1964 ኦገስት ጀምሮ ግን በተራ ቁጥሩ ፊት ሦስት አኀዝ ተጨመረ፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ አኀዞች፣ ማለት 11፣ ዐይነቷን ይናገራሉ፤ ሦስተኛው የዘመኗን የመጨረሻ አኀዝ ያመለክታል። እንግዲህ 115 ብሎ የሚጀምር የ1965፣ 116 ብሎ የሚጀምር የ1966፣ 117 ብሎ የሚጀምር የ1967 ስሪት ነው። በ1970 ስሪት ላይ አሥሩ ዓመት ሲሞላና አኀዙ ወደ ዜሮ ሲመለስ፣ ካለፈው ዐሥርት እንዳይደባለቅ ከሦስቱ አኀዝ ቀጥሎ 2 ተጨመረበት።

ፋብሪካው የስሪት ዘመኑን የሚለውጠው በጃንዋሪ ሳይሆን ሠራተኛው ከበጋ ዕረፍቱ በሚመለስበት በኦገስት ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ይህ በሐምሌ መጨረሻና በነሐሴ ላይ ይውላል። የ1966 ስሪት የሆነች መኪና ስለዚህ ከ1965 ኦገስት እስከ 1966 ጁላይ ባለው ጊዜ የተሠራች ናት፤ ይህም ከሐምሌ መጨረሻ፣ ከነሐሴና ከጳጉሜን ቀናት በቀር የእኛን 1958 ዓመተ ምሕረት ይሸፍነዋል። የሊብሬው ጸሓፊ እንግዲህ አልዋሸም፤ 1958 ብሎ የጻፈው በባሕረ ሐሳብ ሲሆን፣ ሻጩ በጎርጎርዮስ አንብቦ በአንድ ጊዜ ሰባትና ስምንት ዓመት አተረፈባት። የአገራችንን አሮጌ መኪና ዘመን ለመመርመር የሚነሣ ሁሉ፣ በሊብሬ ላይ የሚያየው ዓመት የማን ዓመት እንደ ሆነ አስቀድሞ ካልጠየቀ፣ በዚህ ወጥመድ መያዙ አይቀርም።

የሻንሲው ቁጥር መግጠሙ ግን የምርመራው መጀመሪያ እንጂ ፍጻሜው አይደለም፤ ምክንያቱም የቮልስ ገላ በወለሉ ላይ በብሎን ብቻ የታሰረ ስለ ሆነ፣ ብሎኖቹን ፈትቶ ገላውን እንደ ክዳን ማንሣትና የሌላይቱን ገላ በዚያ ላይ ማስቀመጥ ለለመደ ሰው ከባድ ሥራ አይደለም። ያ ቁጥር የሚመሰክረው ለወለሉ ነው። በፊተኛው የዕቃ መጫኛ ውስጥ ቁጥሩን የያዘች ትንሽ የብረት ሰሌዳ አለች፤ እርስዋም በብሎንና በምስማር የተያዘች ስለ ሆነች ከቤት ወደ ቤት ትሄዳለች፤ መርማሪ ከአኀዙ ይልቅ የምስማሮቹን ራስ ይመልከት፤ አዲስ የሆኑ እንደ ሆነ ይጠርጥር።

ሞተሩማ ከሁሉ ይልቅ ተሰዳጅ ነው። ከካምቢዮው ጋር የሚያያዘው በአራት ብሎን ስለ ሆነ፣ ሁለት መካኒኮች ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ አውርደው በምድር ላይ ያኖሩታል፤ በዚህም ምክንያት በሶማሌ ተራ የተፈታና የተገጣጠመ፣ ከአንዲቱ ወደ ሌላይቱ የተሻገረ ሞተር ብዛቱ አይነገርም። ቁጥሩ የሚገኘው ዲናሞው በተቀመጠበት እግር ሥር ሲሆን፣ በመጀመሪያው ፊደል ወገኑ ይታወቃል። በ1965 ኦገስት የወጣው ባለ 1300 ሞተር ‹‹ኤፍ›› የሚል ፊደል አለው፤ ከእርሱ አንድ ዓመት በኋላ የመጣው ባለ 1500 ደግሞ ‹‹ኤች›› ይላል። የወዳጄ ሙሽራ በኋላ ክዳኗ ላይ 1300 የሚል የሚያብረቀርቅ ጽሑፍ ተለጥፎባታል፤ በሊብሬውም በኤፍ የሚጀምር የሞተር ቁጥር ተጽፏል፤ ሽማግሌው በእጅ ባትሪ ከዲናሞው ሥር ያበሩበት ብረት ግን በግልጽ ኤች ይላል። ሻጩ ይህን ጊዜ ሰማይ ሰማዩን አየ።

በሞተሩ ላይ አንድ ሌላ ምስክር ነበረ። የ1966 መኪና የተሠራችው በስድስት ቮልት ኤሌክትሪክ ነው፤ ይህችኛዪቱ ዛሬ የምትነሣው በዐሥራ ሁለት ነው። ይህን ለመለወጥ ባትሪና አምፖል መቀየር ብቻ አይበቃም፤ ሞተሪኖው የሚያዞረው ባለ ጥርስ መንኰራኩር በስድስቱ ቮልት ጊዜ 109 ጥርስ ሲኖረው፣ የዐሥራ ሁለቱ 130 ጥርስ ያለው ሰፋ ያለ ነው፤ በቀድሞው ካምቢዮ አፍ ውስጥ እንዲገባም የአፉን ጠርዝ በመጠኑ መሞረድ ያስፈልጋል። ሽማግሌው፣ ‹‹ሞተሩ ቢወርድ የሞረዱን ጥርስ አሳያችሁ ነበር›› አሉን። ሲናገሩ የሞራጁን እጅ የሚያውቁ ይመስሉ ነበር።

ከትልልቁ ነገር ይልቅ ትንንሹ የበለጠ እውነት እንደሚናገር ከዚያ ቀን ወዲህ አምኛለሁ። የቮልስ የቀድሞ ቸርኬ በብረቱ ላይ የተሠራበት ወርና ዓመት ታትሞበታል፤ ቪዲኦ የሚባለው የጀርመን ድርጅት የሠራው የፍጥነት መቍጠሪያም እንዲሁ ቀን ይዟል፤ እነዚህ ቀናት መኪናይቱ ከተሠራችበት ወር ጥቂት ቀድመው የተገኙ እንደ ሆነ አብረው የተወለዱ ናቸው፤ ተከትለው የተገኙ እንደ ሆነ ግን በኋላ የገቡ ናቸው። ሐሰተኛ መኪና የሚያዘጋጅ ሰው ሁሉን ሲያስብ አራተኛውን ቸርኬ ይረሳል።

የቀለም ነገር የተመረመረው በሲጋራ መተርኮሻው ነው። ቀለም ቀቢ የሚታየውን ሁሉ ይቀባል፤ ወደ ክሩስኮት ጀርባ ግን እጁ አይደርስም። ወዳጄ መተርኮሻውን ሳብ አድርጎ ባወጣው ጊዜ፣ በጎድጓዳው ውስጥ ላሜራው ቀይ ሳይሆን ወተት መሳይ ነጭ ሆኖ ተገኘ፤ በነጩም ላይ የሰማያዊ ጭረት ነበረ። እንግዲህ ይህች መኪና ነጭ ሆና ተወልዳ፣ በመካከል ሰማያዊ ለብሳ፣ በእርጅናዋ ቀይ ለበሰች ማለት ነው። የፋብሪካው ቀለሞች እያንዳንዳቸው ቁጥር አላቸው፤ ኤል 87 የሚባለው የዕንቁ ነጭ ነው፤ ኤል 456 ደግሞ የሩቢ ቀይ። አዳሽዋ የቀባት ቀይ ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ቀርቶ ከማንኛውም የቮልፍስቡርግ ቀይ ጋር ዝምድና የለውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ወረቀት ላይ ለማግኘት የሚፈልግ ሰው ወደ ቮልፍስቡርግ ይጽፋል። በዚያ ከተማ ያለው የቮልስዋገን የመኪና ሙዚየም የሻንሲ ቁጥር ለላከለትና ዋጋውን ለከፈለ ባለቤት የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል፤ በዚያም መኪናይቱ የተሠራችበት ቀን፣ ከፋብሪካ የወጣችበት ቀን፣ የተላከችበት አገር፣ የቀለሟና የወንበሯ ዐይነት፣ አብሯት የተወለደው ሞተር ቁጥርም ይጻፋል። በ2003 ጁላይ 30 ቀን በሜክሲኮ በፑዌብላ የመጨረሻይቱ እስክትወጣ ድረስ 21,529,464 መኪናዎች የተሠሩባት ይህች ወገን፣ ስለ አንዲቱ ታናሽ ልጇ ዛሬም መልስ መስጠቷ ይገርመኛል።

ነገር ግን ወረቀት የሚለው የትውልዷን እንጂ የኑሮዋን ታሪክ አይደለም፤ በዚህም ነገር ላይ ብዙ ተረት ይበቅላል። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ወርደው ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የወጡት በቮልስዋገን ስለ ሆነ፣ አንድ ሰው የታደሰች ቮልስ አቁሞ ‹‹ጃንሆይን የወሰደች ይህች ናት›› ቢለን፣ በቁጥሯ ከዚያ ቀን በኋላ የተሠራች ሆና ከተገኘች አይደለችም ለማለት እንችላለን፤ ቀድማ የተሠራች ሆና ብትገኝ ግን ከሺህዎቹ አንዲቱ ናት ከማለት በቀር ቁጥሩ አፍ የለውም። የሻንሲ ቁጥር ለመካድ ብርቱ፣ ለማመን ደካማ ምስክር ነው።

በዚህ ሥራ የተጠመዱ አንዳንድ ሰዎች ሞተሯ የተለወጠ መኪናን እንደ መናፍቅ ሲያወግዙ እሰማለሁ። እኔ አልስማማም። በአባቶቻችን ዘመን ሣር የነበረው የቤተ ክርስቲያን ክዳን ዛሬ ቆርቆሮ ሆኗል፤ ስለ ቆርቆሮው ብሎ ደብሩ በዚያ ዘመን አልተተከለም የሚል ግን የለም። የአዲስ አበባ ቮልስ ሞተር የለወጠችው መለዋወጫ በጠፋ ጊዜ ቤተ ሰብ ተሸክማ ለመኖር ነው፤ ያ ኤች የሚለውም ፊደል የኑሮዋ አንድ ምዕራፍ ነው። የሚያስቈጣኝ፣ ሰውዬው በኤች ላይ 1300 የሚል ጽሑፍ መለጠፉ ነው። በብራና ላይ የቀድሞው ባለቤት ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም ተተክቶ ሲገኝ የሚሰማኝ ቅሬታ ይኸው ነው፤ የተፋቀው ስፍራ ሻካራነቱ በጣት ይታወቃልና።

ወዳጄ በመጨረሻ መኪናይቱን ገዛት፤ ሻጩም ከዋጋው ጥቂት እንዲቀንስ ሆነ። ሽማግሌው ወንበሩን ከመመለሳቸው በፊት ቁጥሩን አንድ ጊዜ ደግመው ጠረጉና፣ ከኪሳቸው ትንሽ የግራሶ ቆርቆሮ አውጥተው በጣታቸው ጫፍ ቀቡት። ‹‹ዳግመኛ ቀለም እንዳይነካው›› አሉ። ከዚያም እጃቸውን በጨርቁ እያበሱ፣ ክዳኑ ላይ ያለውን 1300 ፈትተው የሚያወጡበት ካቻቪት ይፈልጉ ጀመር።