ሹክ ልበላችሁ፦ ጥናት ሕግ የሚሆነው እንዲህ ነው

ሹክ ልበላችሁ፤ ግን ከእኔ ሰማን እንዳትሉ።

ሲያትል ውስጥ ሳይትላይን ኢንስቲትዩት የሚባል ለትርፍ ያልቆመ የጥናት ተቋም አለ። አለን ደርኒንግ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲመሠርተው ስሙ ኖርዝዌስት ኢንቫይሮንመንት ዋች ነበር፤ የአሁኑን ስም የያዘው በ2006 ነው። መነሻው አካባቢ ጥበቃ ይሁን እንጂ ዛሬ አጥብቆ ከሚሟገትባቸው ጉዳዮች ቤትና መኪና ማቆሚያ ይገኙባቸዋል። ኪራይ ሰውን ከሥራው አርቆ ሲገፋው ደኑም አየሩም አብረው ይጎዳሉ ባዮች ናቸው።

በ2013 ያወጡትን ጥናት እንይ። በሲያትልና በዙሪያዋ 23 የአፓርታማ ሕንፃዎችን ፈተሹ። ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ቤቱ በገባበት ሰዓት፣ ከመኪና ማቆሚያው 37 በመቶው ባዶ ነበር። የባዶው ቦታ ወጪ ደግሞ ኪራዩ ላይ ያርፋል፤ መኪና ሳይኖረው በ106 አውቶቡስ ሥራ የሚገባውም ይከፍላል።

አሁን ወደ ጓዳው እንግባ። የዋሺንግተን ግዛት ዋና ከተማ ኦሊምፒያ ላይ ጥናቱን ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ እንደራሴ እምብዛም አይገኝም። ሥራ የሚሠራው እንዲህ ያለ አንድ ቁጥር ነው፤ እሱም ረቂቁ በሚጻፍበት ሰሞን ትክክለኛው ጠረጴዛ ላይ ከተገኘ። ተቋሙ ተወዳዳሪ መደገፍ በሕግ ስለተከለከለ ጉልበቱ ቁጥርና ትዕግሥት ነው። ብዙ ወገን ተባብሮ የገፋው ሐሳብ አገረ ገዢው ቦብ ፈርጉሰን ፈርመውበት ሕግ የሆነው በ2025 ነው። በሕጉ መሠረት ትልልቅ ከተሞች ለሁለት አፓርታማ ከአንድ በላይ ማቆሚያ ማስገደድ አይችሉም።

የእኛዋ ስካይዌይስ? እሷ ከተማ አይደለችም። በሲያትልና በሬንተን መሃል ተቀምጣ የአንዳቸውም አይደለችም። በ2012 ከሬንተን ጋር ትቀላቀል ወይ ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ ነዋሪው እምቢ አለ። ከንቲባ የላትም፤ የሚያስተዳድራት ኪንግ ካውንቲ ነው። በ2023 በአንድ ግቢ ከአንድ በላይ ቤት እንዲሠራ የፈቀደው የግዛቱ ሕግ የተጻፈው ለከተሞች ስለሆነ ስካይዌይ ላይ ግዴታ አልጣለም። የእኛ ጉዳይ የሚወሰነው ካውንቲው ምክር ቤት ውስጥ ነው፤ እዚያ ደግሞ ወንበሩ ላይ ሐበሻ ብዙ አይታይም።

የመጨረሻዋ ሹክሹክታ ይቺ ናት። የግዛቱ ምክር ቤት በጃንዋሪ ይከፈታል፤ በጎዶሎ ዓመት 105 ቀን፣ በሙሉ ዓመት 60 ቀን ይሠራል። አንድ ረቂቅ ለአስተያየት ሲቀርብ ኦሊምፒያ ድረስ መንዳት አያስፈልግም። በምክር ቤቱ ድረ ገጽ ስምን ሞልቶ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» የሚለውን መጫን ይበቃል፤ ሰዓቱ የሚዘጋው ስብሰባው ሊጀመር አንድ ሰዓት ሲቀረው ነው። እንደ ሳይትላይን ያሉ ተቋማት ባለሙያዎች ይህን በር በደንብ ያውቁታል፤ እኛም እንወቀው።

ዝም አይነቅዝም ብለን አድገናል። ኦሊምፒያ ላይ ግን ዝም ያለ አይቆጠርም።