«ባህሪህን ሙላ!» - 60ዎቹ የሙከራ ቀናት ጋምቤላ ላይ

ለመሆኑ ሰው የሚቀጠረው በዲግሪው ነው ወይስ በባህሪው? «በሁለቱም» ያላችሁ ልክ ናችሁ። ችግሩ ዲግሪው ወረቀት ላይ ይታያል። ባህሪ ግን አብረው ካልሠሩ በቀር ከየት ይታያል?

ጋምቤላን የማታውቁ ካላችሁ፣ ባሮ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቅ፣ ሙቀቷ የማይቀመስ ከተማ ናት። በክልሉ እንደ ፑኝዶ፣ ኩሌና ጀዊ ያሉ የስደተኞች መጠለያዎች ስላሉ ኤንጂኦው ብዙ ነው፤ ሥራ ፈላጊው ደግሞ ይብሳል። ታዲያ አንዳንዱ ቀጣሪ ከቃለ ምልልሱ ሌላ «ባህሪህን ሙላ» ብሎ ፎርም ያድላል።

ሁለት የማውቃቸው ወጣቶች አሉ፤ ስማቸው ይቆየን። አንደኛው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አፈ ጮሌ ነው። ፎርሙ ላይ «ተግባቢ፣ ቆራጥ» ወጣ። ሜዳ ሲወርድ ግን ሙቀቱ አናቱን መታው፤ በአስተርጓሚ መሥራት አንገሸገሸው። በሦስተኛው ሳምንት ከአስተርጓሚው ጋር ተጣልቶ ሻንጣውን ሸከፈ።

ሁለተኛዋ እዚያው ጋምቤላ ያደገች፣ አኙዋክኛም አማርኛም የምታቀላጥፍ ልጅ ናት። ፎርሙ በእንግሊዝኛ ነበር። «ሰው በተሰበሰበበት መናገር ያስደስትሻል?» ሲላት «አያስደስተኝም» አለች። እውነቷን ነው! ውጤቷ «ዝምተኛ» ሆነና ሊያሰናብቷት ትንሽ ቀራቸው። ደግነቱ የቅርብ አለቃዋ ብልህ ሴት ነበሩ። «ዝምተኛ ከሆነች ስብሰባ ላይ አታቁሟት፤ እናቶችን አንድ በአንድ ታነጋግር» አሉ። ለሁለት ሳምንት ከነባር ሠራተኛ ጋር አጣመሯት፤ ዓርብ ዓርብ እየጠሩ «ምን ከበደሽ?» ይሏታል። ዛሬ እናቶቹ እሷን ካላገኙ ወደ ቤት አይመለሱም።

እንግዲህ ልብ በሉ! ፎርሙ ያው ፎርም ነው። አንዱ ቤት ሰው ማባረሪያ ሲሆን ሌላው ቤት ሰው ማለማመጃ ይሆናል።

ነገሩ ከየት መጣ ብትሉ፣ ብዙ ቦታ «ዲስክ» እየተባለ የሚሸጠው ፈተና መነሻው ዊሊያም ማርስተን የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1928 የጻፈው መጽሐፍ ነው፤ ሰውን በአራት የባህሪ ዓይነት ከፈለ። ይኸው ሰውዬ «ዎንደር ዉመን» የተባለችውን የኮሚክ ጀግና የፈጠረ ነው! ሌላው ዝነኛ «ማየርስ ብሪግስ» የእናትና የልጅ ሥራ ሲሆን፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው «ለቅጥር መምረጫ አይሁን» ይላሉ። የመስኩ ተመራማሪዎችም ከባህሪ ፎርም ይልቅ ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ የሚቀርብበትን ቃለ ምልልስና ሥራውን ራሱን ሠርቶ ማሳየትን ያስቀድማሉ።

ሕጋችንስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ እንዲሆንና ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ይላል። በዚህ ጊዜ ለሥራው ብቁ አይደለህም ከተባልክ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሳ ልትሰናበት ትችላለህ። አንተም ያለ ማስጠንቀቂያ መልቀቅ ትችላለህ። 60ው ቀን አልፎ ሥራህን ከቀጠልክ ደግሞ ውሉ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እንደጸና ይቆጠራል። ስለዚህ እያንዳንዷ ቀን እንጀራ ናት!

ሥራ ፈላጊዎች ሆይ፣ ምክሬ ይኼ ነው። ፎርሙ ላይ ያልሆናችሁትን አትሙሉ፤ ለሌላ ሰው የተሰፋ ኮት ለብሳችሁ 60 ቀን አትዘልቁም። ቋንቋው ካልገባችሁ ሳታፍሩ ጠይቁ። ውጤቱ ለምን እንደሚውልም ጠይቁ። የሙከራ ጊዜያችሁን የሚገልጸውን ወረቀት ኮፒ አድርጋችሁ ያዙ። በየሳምንቱ ደግሞ አለቃችሁን «ምን ላሻሽል?» በሉ፤ በ59ኛው ቀን ከመደንገጥ ያድናችኋል።

አለቆችም ብትሆኑ... አለቃ ፊት አንገት መድፋት ጨዋነት ነው ተብሎ ያደገን ልጅ «በራሱ አይተማመንም» ብላችሁ አትፈርጁት። ፎርሙን በሚገባው ቋንቋ ስጡት፤ ውጤቱንም አብራችሁት አንብቡ። ከዚያ ከማን ጋር ቢጣመር፣ በምን ቢጀምር እንደሚሻለው ተነጋገሩ። ፎርሙ ስለ ሰውየው የሚነግራችሁ ጥቂት ነው፤ የቀረውን የምታዩት አብራችሁት ስትሠሩ ነው።

ሳምንት ያገናኘን!