ፊልተር አለን ከማለታችሁ በፊት ማጥለያውን እጠቡ

በንዴት ነው የምጽፈው፤ ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

ካምፓላ ካለ አንድ ሆቴል «የባሕር ውሃው አኳሪየም ፊልተር ከተገጠመለት ወዲህ ባሰበት» ብለው ጠሩኝ። ሳምፑን (ውሃው የሚጣራበትን ከሥር ያለ ገንዳ) ከፍቼ የማጥለያ ከረጢቱን ሳወጣው ከክብደቱ የተነሳ በሁለት እጄ ያዝኩት። ያልተበላ ምግብ፣ የዓሣ ኩስ፣ የተዝለገለገ ቡናማ ጭቃ። ውሃው በጨርቁ ማለፍ አቅቶት በአፉ ይፈስሳል። ኮራሉን አልጌ ውጦታል። ለምን አላጠባችሁትም ስል፣ ቴሌግራም ላይ «ባክቴሪያው እንዳይሞት ፊልተር አይነካም» የሚል አንብበዋል!

እሺ፣ በተራ።

1. ማጥለያ በውሃው ውስጥ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ይይዛል፤ ሥራው ይኸው ነው። አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ኮራል ባለበት ገንዳ በብዛት የሚኖሩት ገንዳው ውስጥ ባለው ድንጋይ ላይ ነው። ጨርቁን ብታጥቡ አይጎዱም።

2. የተያዘው ቆሻሻ ገና ከውሃው አልወጣም። ይህቺን ነገር ስንት ዓመት ልድገማት? ጠላ ያጠለላችሁበትን ጨርቅ ከነአተላው አስቀምጣችሁ በሳምንቱ ሌላ ጠላ ታጠልሉበታላችሁ? ውሃው ቀኑን ሙሉ በዚያ ጭቃ ውስጥ ያልፋል፤ ጭቃው ይበሰብሳል፤ ናይትሬትና ፎስፌት ሆኖ ገንዳው ይገባል። አልጌው በዚያ ይፋፋል፤ ፎስፌት ሲበዛ ደግሞ ኮራሉ አጽሙን መገንባት ይከብደዋል። ባለ 200 ማይክሮን ከረጢት በየ3 ወይም 4 ቀኑ ይቀየራል። በየወሩ አላልኩም።

3. አጠባው። ገልብጡት፣ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ በረኪና ውስጥ ዘፍዝፉት፣ ሽታው እስኪጠፋ አለቅልቃችሁ ፀሐይ ላይ አድርቁት። ኦሞ እንዳይነካው! ትንሽ ሳሙና ከቀረበት ስኪመሩ (ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው መሣሪያ) አረፋውን ወለሉ ላይ ይዘረግፈዋል።

ደግሞ መብራት። ድፍን ካኒስተር ፊልተር ያላችሁ፣ መብራት ለሰዓታት ሲጠፋ ውስጡ ያለው ውሃ ኦክስጅኑ አልቆ ይበላሻል፤ መብራት ሲመጣ ያው ውሃ ዓሣው ላይ ይለቀቃል። መጀመሪያ ውሃውን ድፉት፣ ከዚያ ፊልተሩን አስነሡት። አዲስ አበባ ያላችሁም ይህ ይመለከታችኋል።

የሆቴሉ ግዥ ክፍል ግን! ከሞምባሳ ወደብ በመኪና መንገድ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ባሕር ለመሥራት፣ ከውጭ ለመጣ መብራትና ለኮራል ገንዘብ አላጡም። መቀያየሪያ ከረጢት ይገዛ ስል «ሦስት ፕሮፎርማ አምጣ» ይሉኛል። ፕሮፎርማው ሲፈረም ኮራሉ ሞቷል። ከዚያ ጥፋተኛው ባለሙያው። ገንዳ ለእንግዳ መታያ ብቻ ከሆነ ፎቶ ስቀሉ እንጂ ፍጥረት አታሠቃዩ።

ስለዚህ ሰባት ስምንት ከረጢት ግዙና አፈራርቁ፤ የሚያጥበውም ሰው ስሙ ይታወቅ። «ፊልተር አይነካም» የሚለውን ጽሑፍ ለማንም አታስተላልፉ። አዘውትሮ የሚያጥብ ሰው ከሌላችሁ ደግሞ ከረጢቱን ዛሬውኑ አውጡት፤ ከበሰበሰ ማጥለያ ያለ ማጥለያ ይሻላል።