በዝናም ወራት በሴሬንጌቲ ሜዳ ፎቶግራፍ ስለ ማንሣት

ንግድ ቤታችን በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ለደንበኞቹ የሚያድለው የግድግዳ ቀን መቁጠሪያ አለው። ሥዕሎቹን ከማተሚያ ቤት ክምችት እየመረጥን እንገዛ ስለ ነበረ፣ አምና በእኛ የጥቅምት ገጽ ላይ የወጣው አንበሳ በአንድ የጎማ አስመጪ ቀን መቁጠሪያ ላይ ለታኅሣሥ ወጥቶ ተገኘ። አለቃዬ በዚህ ነገር እጅግ አፍረው፣ «የሚመጣው ዓመት ሥዕል በገዛ እጃችን የተነሣ ይሁን፤ ካልሆነም ይቅር» ሲሉ ቈረጡ። በቤቱ ውስጥ ደኅና ካሜራ ያለው ሰው እኔ ጸሐፊያቸው ብቻ ነበርሁ። ካሜራውንም የገዛሁት ዕቁብ በደረሰኝ ገንዘብ ሲሆን እስከዚያ ቀን ድረስ ከሠርግና ከክርስትና በቀር ሌላ ነገር አላየም። ለፈረንጅ 12 ሥዕል ይበቃዋል፤ እኛ ግን ጳጉሜን ባዶ መተው ስለማይገባን 13 ያስፈልገናል።

አለቃዬ የጥራጥሬ ነጋዴ እንደ መሆናቸው መጠን ባለፈው መጋቢት መጨረሻ ስለ ሽንብራ ገበያ ወደ ታንዛንያ፣ ወደ አሩሻ ከተማ የሚያደርሳቸው ጉዳይ ነበራቸው። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አራት ቀን ስለ ተረፈን ሴሬንጌቲን ለማየት ተስማማን። በዚያ አገር ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ እስከ ግንቦት የሚዘንበው ረጅሙ ዝናም በስዋሂሊ ቋንቋ «ማሲካ» ይባላል፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ገደማ የሚመጣው አጭሩ ዝናም ደግሞ «ቩሊ» ነው። በማሲካ ጎብኚው ስለሚሳሳ ከድንኳን ሰፈሮቹ አንዳንዶቹ ይዘጋሉ፤ የማይዘጉትም ዋጋቸውን ይቀንሳሉ። ለእኛም ከደረቁ ወራት ዋጋ ላይ ሲሶውን ያህል ቀነሱልን። ነጋዴ የሆነ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው ግን አጠራሩን ነው። የዝናሙን ጊዜ «የዝናም ጊዜ» ብለው አይሸጡትም፤ «አረንጓዴው ወቅት» ብለው ነው እንጂ። አለቃዬ ይህን በሰሙ ጊዜ ሣቁና፣ «የነቀዘ ባቄላስ በምን ስም ይሸጥ ይሆን?» አሉኝ። ዕቃው ግን የነቀዘ እንዳልነበረ ኋላ አየን።

ሴሬንጌቲ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1951 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ የተከለለ፣ ስፋቱ 14,763 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነ አገር ነው። በደቡብ ምሥራቅ በኩል የሚዋሰነው የንጎሮንጎሮ ጥብቅ ስፍራ ከእርሱ ተለይቶ የቆመው በ1959 ዓ.ም. ነው። ወደ ሜዳው የሚወስደው መንገድ በንጎሮንጎሮው የጠፋ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ ያልፋል፤ ስፍራው ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ስላለው ሌሊቱ እንደ አዲስ አበባ ክረምት ይበርዳል። ከዚያ ሲወርዱ ዛፍ የሌለው፣ ሣሩ ምንጣፍ የመሰለ ሜዳ ይጀምራል። ሣሩ አጭር የሆነበት ምክንያት በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራዎቹ የወጣው አመድ ከአፈሩ ሥር እንደ ሲሚንቶ ጠንክሮ የዛፍ ሥር ስለማያሳልፍ ነው። ይኸው አመድ ለሣሩ ካልሲየምና ፎስፎረስ ይሰጠዋል፤ ጥጃ የምታጠባ እናት የምትፈልገውም ይህንኑ ነው።

ስለዚህ በብዙ የአፍሪካ ፓርኮች ዝናም ሲመጣ አራዊቱ ውኃ በየስፍራው ስለሚያገኙ ሲበታተኑና በረጅም ሣር ውስጥ ሲሰወሩ፣ በደቡብ ሴሬንጌቲ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከአንድ ሚሊዮን የሚበልጠው ዊልደቢስት የሚባለው ባለጢም እንስሳ ከብዙ የሜዳ አህያ ጋር ሆኖ ዝናሙን ተከትሎ ወደዚህ ሜዳ ይወርዳል፤ ሲደርቅም ወደ ሰሜን ተመልሶ የማራን ወንዝ ይሻገራል። ላሞቹ አብዛኛዎቹ የሚወልዱት በየካቲት ወር አካባቢ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ተጠራርተው ነው፤ ጅቡና አንበሳው በልተው ከሚጨርሱት በላይ ጥጃ በአንድ ጊዜ ስለሚወለድ ብዙው ይተርፋል። እኛ የደረስነው ከዚያ ወዲህ ነበረና ጥጆቹ አድገው፣ ቡናማ ጠጕራቸው ወደ ጥቁር ሲለወጥ አገኘናቸው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በአፋፉ ላይ ካደርን በኋላ ሌሊቱን ሲቀዘቅዝ ያደረውን ካሜራ ሜዳው ላይ እንደ ደረስን ከከረጢቱ አወጣሁት። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን ምስሪት ሲነካው፣ የፈላ ውኃ ላይ የተደፋ ክዳን ይመስል በላብ ተሸፈነ። በሸሚዜ ጫፍ ጠረግሁት፤ ተመልሶ አላበው፤ ደግሞ ጠረግሁት። በትንሿ መስኮት ሲታይ ሥዕሉ ሁሉ ያማረ መስሎኝ እስከ ቀትር ድረስ አነሣሁ። ማታ በድንኳኑ ውስጥ በኮምፒዩተር ስንመለከተው ግን የዚያ ጧት ሥራ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስል ነበር። አለቃዬ አልተቆጡም፤ «ሦስት ቀን ቀርቶናል» ብለው ብቻ ተኙ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። ካሜራውን በተዘጋ ከረጢት ውስጥ እንዳለ ከአየሩ ሙቀት ጋር እስኪተካከል መታገሥ፤ በከረጢቱም ውስጥ፣ ከአዲስ ጫማ ጋር በሣጥን የምትመጣውን እርጥበት መጣጭ ትንሽ ከረጢት ጥቂት መጨመር ነው። እርጥበቱ ካልወጣ በምስሪቱ ውስጥ ሻጋታ ያበቅላል፤ ያን ጊዜ ማጽጃው ከባድ ነው። ለዝናሙም ውድ መሸፈኛ አያስፈልግም፤ ጫፉ የተቀደደ የላስቲክ ከረጢትና አንድ ጎማ ማሰሪያ ይበቃል። ባለሦስት እግር ማቆሚያ በመኪና ውስጥ ቦታ የለውም። እኛ ለናሙና የያዝነውን የሽንብራ ከረጢት በመስኮቱ ጠርዝ ላይ አጋድመን ምስሪቱን አስደገፍንበት፤ ከአለት ይልቅ ጸጥ አድርጎ ያዘው። ብቻ በሦስተኛው ቀን ሽንብራው በዝናም ርሶ አብጦ ስለ ተገኘ ናሙናው ለገዢ ሳይታይ ቀረ።

በሁለተኛው ቀን ከቀትር በኋላ መኪናችን በጥቁር አፈር ውስጥ ገባ። ይህ አፈር የእኛው ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ጎማ ይውጣል። አለቃዬ ሱሪያቸውን እስከ ጕልበታቸው ሰብስበው ከሾፌሩ ጋር ድንጋይ ሲያቀርቡ እኔ በመሰላል ብረት ጭቃ ዛቅሁ። ከሁለት ሰዓት በኋላ ወጣን። በዚያን ጊዜ ዝናሙ አባርቶ፣ አቧራ የሌለበት አየር ጠርቶ፣ ከጥቁሩ ደመና በታች ፀሐይ ሜዳውን አበራችው። ይህን ብርሃን በደረቁ ወራት በገንዘብም አያገኙትም። ከፊታችን በድንጋይ ክምር ላይ የነበረ አንበሳ ተነሥቶ ጎፈሩን አራገፈ። በሴኮንድ 1/1000 አነሣሁት፤ ጠብታዎቹ በጥቁሩ ደመና ላይ አንድ በአንድ ተቈጠሩ። ዝናሙ ራሱ እንደ ክር እየተዘረጋ እንዲታይ ከተፈለገ ግን ወደ 1/30 ዝቅ ማድረግ ይገባል፤ እንስሳውም ባይንቀሳቀስ ነው።

በማግሥቱ አንዲት አቦሸማኔ ከመንገዱ በስተግራ 200 ሜትር ያህል ርቃ በጕብታ ላይ ተቀምጣ አየን። ለእኔ ምስሪት ሩቅ ነበረች። አለቃዬም ሾፌሩን፣ «ወንድሜ፣ ጥቂት ጠጋ በልልን፤ ድካምህን አልረሳም» አሉት። በፓርኩ ውስጥ ከመንገድ መውጣት የተከለከለ ነው። ሰውዬው በአገሩ ልማድ ታላቅን ሰው በሚጠራበት ስም፣ «ምዜ፣ የዛሬው ጎማ በዚህ እርጥብ መሬት ላይ የሚተወው ዱካ እስከሚመጣው ዝናም አይጠፋም። ፈቃዴን ቢቀሙኝም የእርስዎ ገንዘብ ስንት ቀን ያበላኛል?» አላቸው። አለቃዬ ዝም አሉ፤ ቀጥለውም ይቅርታ ጠየቁት። አቦሸማኔዋን ሩቅ እንዳለች አነሣኋት፤ እርስዋ ትንሽ፣ ሰማዩ ትልቅ ሆኖ። በኋላ ከሁሉ አስበልጠው የመረጡት ይህን ነው፤ ለመስከረምም መደቡት።

ወደ አሩሻ ስንመለስ አለቃዬ በመንገድ ላይ፣ በእኛ አገር በክረምት ስለሚቆሙት የአስጎብኚ መኪናዎች ያነሡ ጀመር። እኔ በበኩሌ የዋጋ ቅናሽ ብቻ ሰው ያመጣል ብዬ አላምንም፤ ጎብኚው በዝናም ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ካልተነገረው ቅናሹን እንደ ጕድለት ማስረጃ ይቈጥረዋል። መኪናውም አካፋና ጠንካራ ገመድ የያዘ፣ ሾፌሩም እንደዚያ ሰው እምቢ ማለትን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ከተነሡት ከ1,400 በላይ ሥዕሎች 12ቱን አስማምተን መረጥን። ለጳጉሜ የሚሆነው ግን እስካሁን አከራክሮናል። እኔ አለቃዬ ሱሪያቸውን ሰብስበው በዋልካው ውስጥ የቆሙበትን አቅርቤአለሁ፤ እርሳቸው እምቢ ብለዋል፤ ባለቤታቸው ግን ከእኔ ጋር ናቸው። ማተሚያ ቤቱ እስከ ሰኔ 30 ቀን ድረስ ጊዜ ሰጥቶናል።